ኢንዛይም ለማጥናት የትኛውን ኖክአውት አይጥ እንምረጥ?

ሪፕኬ1 የተባለው ኢንዛይም ጂኑ ፈጽሞ የተወገደበት አይጥ በተወለደ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። ጂኑ በቦታው ሳለ ኢንዛይሙ ብቻ ሥራ እንዲፈታ አንዲት አሚኖ አሲድ የተቀየረችበት አይጥ ግን ያድጋል፣ ይራባል፣ ከጤነኛ ወንድሞቹም በዐይን አይለይም። የቅርብ ዘመዱ ሪፕኬ3 ነገሩን ይገለብጠዋል። የእሱ ጂን ቢጠፋ አይጡ ምንም አይሆንም፤ ፕሮቲኑ ኖሮ 161ኛዋ አሚኖ አሲድ ስትቀየር ግን ፅንሱ በ11ኛው ቀን ገደማ በማህፀን ይሞታል።

ሁለቱም ዓይነት ሙከራዎች «ኢንዛይሙ ባይሠራ ምን ይሆናል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይመስላሉ። አንደኛው የሚናገረው ግን ፕሮቲኑ ጭራሽ ባይኖር ስለሚሆነው ነው፤ ሌላኛው ፕሮቲኑ ኖሮ እጁ ቢታሰር ስለሚሆነው። ኢንዛይም ሥራ ብቻ ሳይሆን አካልም አለው፤ ሌሎች ፕሮቲኖች የሚደገፉበትና የሚያያዙበት አካል። ብዙ ጀማሪ ተመራማሪ ይህን የሚረዳው አይጡን ካስመጣ፣ ካራባና ሁለት ዓመት ካጠፋ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ግን ትእዛዙ ከመላኩ በፊት ቢነበብ ይሻላል።

ጥያቄው ይቅደም

ኖክአውት አይጥ ማለት አንድ የተመረጠ ጂን እንዳይሠራ የተደረገበት አይጥ ነው። በፅንስ ግንደ ሕዋስ ውስጥ ጂን እየታለመ የተቀየረባቸው የመጀመሪያዎቹ አይጦች እ.ኤ.አ. በ1989 ይፋ ሆኑ፤ ማሪዮ ካፔኪ፣ ማርቲን ኢቫንስና ኦሊቨር ስሚዚስም በ2007 የኖቤል ሽልማት የወሰዱት መንገዱን በመጥረጋቸው ነው። ያን ጊዜ ምርጫው አንድ ብቻ ነበር፦ ጂኑን ከመላው አካል፣ ከፅንስነት ጀምሮ ማጥፋት። ዛሬ ጂኑን በጉበት ብቻ ማጥፋት ይቻላል፤ ለአካለ መጠን በደረሰ አይጥ ላይ በተመረጠ ሳምንት ማጥፋት ይቻላል፤ ፕሮቲኑን ትቶ ሥራውን ብቻ ማስቆምም ይቻላል። ጂኑን ሳይነኩ በመድኃኒት ማገድ ወይም መልእክተኛ አርኤንኤውን ማፈራረስም አለ።

ከእነዚህ መካከል ለመምረጥ በመጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይጠቅማል፦ «ውጤቱ የሚነግረኝ ስለ ምን ሁኔታ ነው?» ኢንዛይሙን ከልደት ጀምሮ ስላጣ ሕመምተኛ ለማወቅ ከፈለጉ መንገድዎ አንድ ነው። ኢንዛይሙን በመድኃኒት ማገድ ያዋጣል ወይ የሚለውን ለመፈተን ከሆነ መንገድዎ ሌላ ነው፤ መድኃኒት የሚውጠው ሰው ፅንስ አይደለም፣ ፕሮቲኑም ከሰውነቱ አይጠፋም። ኢንዛይሙ በብዙ የአካል ክፍሎች ውስጥ ኖሮ የትኛው ላይ ወሳኝ እንደሆነ ለመለየት ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አለ። ዓረፍተ ነገሩ አልጻፍ ብሎ ካስቸገረ አይጡን ለማዘዝ ጊዜው ገና ነው።

ከመላው አካል ማጥፋት

ይህ ከሁሉም ቀላሉ፣ ርካሹና ለማንበብ ግልጹ ነው። ሁለቱም የጂኑ ቅጂዎች ጠፍተዋል፤ በየትኛውም ሕዋስ፣ በየትኛውም ዕድሜ ኢንዛይሙ የለም። ስለ ኢንዛይሙ ምንም በማይታወቅበት ጊዜ ከዚህ መጀመር ጥሩ ነው ባይ ነኝ። ያልታሰበ ነገር የሚያሳየው ይህኛው ነውና፤ በጉበት ብቻ ያጠፋ ሰው የሚያየው የጉበቱን ለውጥ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው አደጋ ሞት ነው። ከተጠኑት ጂኖች ከአራት አንዱ ያህል ሲጠፋ አይጡ በሕይወት ተወልዶ አይዘልቅም። ይህ የሚታወቀው በቆጠራ ነው። አንድ የተበላሸ ቅጂ ያላቸው ወንድና ሴት ሲዳቀሉ ከግልገሎቹ ሩቡ ሁለቱንም ቅጂ ያጡ መሆን አለባቸው። በ8 ግልገሎች ውስጥ አንድም ኖክአውት ባይገኝ የዕድል ነገር ሊሆን ይችላል፤ ተስፋ አይቁረጡ። በ16ቱ ውስጥ አንድም ካልተገኘ ግን በአጋጣሚ የመሆኑ ዕድል ከመቶ አንድ ነው፤ 40 ደርሶ አሁንም ዜሮ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ያን ጊዜ እርጉዞቹን በተለያየ ቀን መርምሮ ፅንሱ መቼ እንደሚሞት መለየት ራሱ ግኝት ነው፤ ብዙ ሰው ግን እንደ ውድቀት ቆጥሮት ያልፈዋል።

ሁለተኛው አደጋ ተቃራኒው ነው፦ ምንም አለመሆን። አይጡ ይበላል፣ ይራባል፣ ደሙም ጤነኛ ነው። ኢንዛይሙ ጥቅም የለውም ማለት ነውን? የቴይ ሳክስን ታሪክ እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል። ሄክሶሳሚኒዴዝ ኤ የተባለው ኢንዛይም የሚጎድለው ሕፃን አንጎሉ በስብ ክምችት ተጎድቶ በልጅነቱ ይሞታል። ይኸው ጂን የጠፋበት አይጥ ግን ለረጅም ጊዜ ጤነኛ መስሎ ይኖራል፤ ምክንያቱም አይጥ ሲያሊዴዝ በተባለ ሌላ ኢንዛይም በኩል የተጠራቀመውን ስብ የሚያፈርስበት አቋራጭ አለው፣ በሰው ላይ ግን ይህ አቋራጭ በቂ አይደለም። አቋራጩን ጭምር የሚዘጋው የዚሁ ኢንዛይም ሁለተኛ (ቤታ) ክፍል ጂን ሲጠፋ ነው አይጡ በርትቶ የሚታመመው። ሌሽ ናይሃን ለተባለው በሽታም ሞዴል ይሆናል ተብሎ በ1987 ኤችፒአርቲ የተባለው ኢንዛይም የጎደለው አይጥ ሲገኝ፣ በሕመምተኞች ላይ የሚታየው ራስን መንከስ አልታየበትም። ስለዚህ «ምንም አልሆነም» ከማለት በፊት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ ሌላ ኢንዛይም አለ ወይ ብሎ መፈለግ፣ ካለም ሁለቱን አብሮ ማጥፋት ያስፈልጋል። ሒሳቡን ግን አስቀድመው ያስሉት፦ በተለያዩ ክሮሞሶሞች ላይ ያሉ ሁለት ጂኖችን ያጣ አይጥ የሚገኘው ከ16 ግልገሎች አንዱ ላይ ነው።

በነገራችን ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ያጣውን አይጥ አይናቁት። አብዛኛውን ጊዜ የኢንዛይሙ መጠን በግማሽ ቢቀንስም አካሉ አይሰማውም፤ የኢንዛይም ጉድለት በሽታዎች ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሱ በቀር በአብዛኛው የማይገለጡት በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒትዎ ኢንዛይሙን በግማሽ ብቻ የሚያግድ ከሆነ ይህ አይጥ ከወዲሁ የሚነግርዎት ነገር አለ።

የዝርያው ወጥመድ

ይህን ክፍል ሰዎች ዘለው ሲያልፉት አያለሁ፤ ትልቁ ስሕተት የሚደበቀው ግን እዚህ ነው።

ካስፔዝ 1 የተባለው ኢንዛይም የጠፋባቸው አይጦች ለዓመታት በብዙ ላቦራቶሪዎች ውስጥ ሲጠኑ ቆዩ። ጂኑ የተቆረጠው 129 ከሚባለው የአይጥ ዝርያ በመጣ የፅንስ ግንደ ሕዋስ ውስጥ ነበር። በ2011 የታወቀው ጉድ፣ ያ ዝርያ ጎረቤት የሆነው የካስፔዝ 11 ጂን ከተፈጥሮው የተበላሸበት መሆኑ ነው። ሁለቱ ጂኖች በክሮሞሶሙ ላይ በጣም ስለሚቀራረቡ፣ አይጡን ከሌላ ዝርያ ጋር ደጋግሞ ማዳቀል ሊለያያቸው አልቻለም። አንድ ኢንዛይም አጥፍተናል ያሉ ሰዎች ሁለት አጥፍተው ነበር፤ ለካስፔዝ 1 የተሰጠው ሥራም ከፊሉ የካስፔዝ 11 ሆኖ ተገኘ።

ከንጹሕ ዝርያ ጋር 10 ትውልድ ማዳቀል 99.9 በመቶ ያህሉን የጂን ስብስብ ያጠራል ይባላል። እውነት ነው፤ በተነካው ጂን ግራና ቀኝ ያለው ሠፈር ግን በዚያ ስሌት ውስጥ የለም። ጂኑን በቀጥታ በሚፈለገው ዝርያ ፅንስ ውስጥ መቁረጥ ከዚህ ችግር ያድናል።

ብላክ 6 የሚባለው ዝርያም ቢሆን አንድ አይደለም። ጄ የተባለው ንዑስ ዝርያ ኤንኤንቲ የተባለ የሚቶኮንድሪያ ኢንዛይም ጂኑ ከፊሉ የጎደለ ነው፤ ኤን የተባለው ይህ ጉድለት የለበትም፣ በምትኩ ዓይንን የሚጎዳ ሌላ የጂን ለውጥ ይዟል። አሁን የኦክሲጅን ጉዳትን የሚከላከል ኢንዛይም እያጠኑ ነው እንበል። ለመቆረጥ የተዘጋጀው ጂን በኤን፣ የሚቆርጠው ክሬ የሚባል ኢንዛይም (በሚቀጥለው ክፍል ይብራራል) በጄ ውስጥ ከመጣ፣ ሲዳቀሉ ኤንኤንቲ በግልገሎቹ መካከል እንደ ዕጣ ይበተናል። ውጤቱ ሲዋዥቅ ምክንያቱን በኢንዛይሙ ላይ እየፈለጉ ወራት ያልፋሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ሁለቱም ከአንድ ንዑስ ዝርያ ይሁኑ፤ ካልሆነም ኤንኤንቲ በእያንዳንዱ አይጥ ላይ ይመርመር፤ ማነጻጸሪያዎቹም ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድምና እህት ይሁኑ። ከሻጭ የተገዛ «መደበኛ» አይጥ ማነጻጸሪያ አይሆንም።

በአንድ አካል ክፍል ብቻ ማጥፋት

ክሬ ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ፒ1 ከሚባል ቫይረስ የተገኘ ኢንዛይም ነው። ሎክስ ፒ የተባሉ 34 ፊደል የሚረዝሙ የዲኤንኤ ምልክቶችን ያውቃል፤ ሁለት ምልክቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረው ሲያገኝ በመካከላቸው ያለውን ቆርጦ ያወጣል። የጂኑን ወሳኝ ክፍል በሁለት ምልክቶች አጥሮ፣ ክሬን ደግሞ በጉበት ሕዋስ ብቻ እንዲመረት ማድረግ፣ ጂኑን በጉበት ብቻ ማጥፋት ማለት ነው። ክላውስ ራየቭስኪና ባልደረቦቹ በ1994 ዘዴውን በቲ ሕዋሳት ላይ ሲያሳዩ የመረጡት ጂንም የኢንዛይም ነበር፦ ዲኤንኤ ፖሊመሬዝ ቤታ።

የዚህ ዘዴ ጥቅም እንደ ግሉኮካይኔዝ ቁልጭ ብሎ የታየበት ቦታ ጥቂት ነው። ግሉኮካይኔዝ በጉበትም በቆሽት ቤታ ሕዋሳትም ይገኛል። ከመላው አካል ሲጠፋ ግልገሉ ስኳሩ አሻቅቦ በመጀመሪያው ሳምንት ይሞታል። ከጉበት ወይስ ከቆሽት የተነሣ? በቤታ ሕዋሳት ብቻ ሲጠፋ ግልገሎቹ አሁንም በቀናት ውስጥ ይሞታሉ፤ በጉበት ብቻ ሲጠፋ ግን ይኖራሉ፣ ስኳራቸው ትንሽ ከፍ ከማለቱና ጉበታቸው ስኳር ማከማቸት ከመቸገሩ በቀር። አንድ ኢንዛይም፣ ሁለት ቤት፣ ሁለት የተለያየ ሥራ፤ የመላ አካሉ ኖክአውት ይህን ፈጽሞ ሊነግረን አይችልም ነበር።

ችግሩ ክሬ ራሱ ንጹሕ አለመሆኑ ነው። የኢንሱሊን ጂን ማስነሻን የሚጠቀም አንድ የታወቀ የክሬ መስመር ለቆሽት ተብሎ ቢሠራም በአንጎል ሃይፖታላመስ ውስጥም ይቆርጣል፤ ክሬውን ብቻ የያዘው አይጥ፣ ምንም የታጠረ ጂን ሳይኖረው፣ ስኳር የመቆጣጠር ችግር እንዳለበት ተዘግቧል። በልብ ጡንቻ ውስጥ በብዛት የሚመረት ክሬ ልቡን ራሱ ይጎዳል። አንዳንዱ መስመር በዘር ሕዋሳት ውስጥ ሾልኮ ይቆርጥና የሚቀጥለው ትውልድ ሳይታወቅ የመላ አካል ኖክአውት ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ የታጠረ ጂን ያለ ክሬ ብቻውን በቂ ማነጻጸሪያ አይደለም፤ ክሬ ብቻውን የያዘ አይጥም ያስፈልጋል። ይህን የዘለለ ጽሑፍ ለግምገማ ሲቀርብልኝ ሌላውን ገጽ ለማንበብ ትዕግሥት አጣለሁ።

ለማራባት የሚመቸው ጥምረት፣ ሁለት የታጠሩ ቅጂዎች ያሏትን ሴት፣ ሁለት የታጠሩ ቅጂዎችና አንድ ክሬ ካለው ወንድ ጋር ማዳቀል ነው፤ ግማሾቹ ግልገሎች ኖክአውት፣ ግማሾቹ ወንድም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ። ክሬውን ብቻ የያዙት ግን ከዚህ ጋብቻ አይገኙም፣ ለብቻ መራባት አለባቸው። ጥናቱ ለአካለ መጠን በደረሰ አይጥ ጉበት ላይ ብቻ ከሆነ፣ ክሬን ኤኤቪ በተባለ ጂን አድራሽ ቫይረስ ጭኖ በደም ሥር መስጠት የአንድ ዙር ማዳቀል ጊዜ ይቆጥባል፤ ማነጻጸሪያው ባዶ ቫይረስ የተሰጠው ወንድሙ ነው።

በተመረጠ ጊዜ ማጥፋት

ግሉታታይዮን ፐርኦክሲዴዝ 4 የጠፋበት ፅንስ በ7ኛው ቀን ገደማ ይሞታል። ኢንዛይሙ በአዋቂ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ለማየት የቀረው መንገድ አይጡ እስኪያድግ ጠብቆ ማጥፋት ነበር፤ ይህ ሲደረግ አይጦቹ በኩላሊት መዳከም በሁለት ሳምንት ገደማ ሞቱ። ኢንዛይሙ ስቡን ከኦክሲጅን ጉዳት ካልጠበቀ የኩላሊት ሕዋሳት እንዴት እንደሚሞቱ የታየው በዚህ አይጥ ነው።

መቀስቀሻው ታሞክሲፌን የተባለ መድኃኒት ነው። ክሬው የኢስትሮጅን ተቀባይ ቁራጭ ተቀጥሎበት ከሕዋሱ ኒውክለስ ውጪ ታስሮ ይቆያል፤ ታሞክሲፌን ሲሰጥ ይፈታና ገብቶ ይቆርጣል። ለመድኃኒት ዒላማ የሚሆን ኢንዛይም የሚያጠና ሰው ይህን ቢመርጥ ይገባኛል፤ አይጡ በኢንዛይሙ አድጎ በአዋቂነቱ ያጣዋልና፣ ከፅንስነት ጀምሮ የተለማመደበት ማካካሻ የለውም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይበሉ። ታሞክሲፌን ራሱ ሆርሞን ነካሽ ነው፤ አጥንትን፣ ስብንና መራቢያን ስለሚነካ ለማነጻጸሪያዎቹም እኩል መጠን ይሰጥ፣ ከመለካት በፊትም ጥቂት ሳምንታት ይጠበቅ። ደግሞም ጂኑ ተቆረጠ ማለት ኢንዛይሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ቀድሞ የተሠራው ፕሮቲን እስኪያረጅ ይሠራል፤ ዕድሜው ረጅም ከሆነ በ3ኛው ቀን የተለካ «ውጤት የለም» ባዶ ወሬ ነው።

ፕሮቲኑን ትቶ ሥራውን ማስቆም

መግቢያው ላይ ያነሣኋቸው ሪፕኬ1ና ሪፕኬ3 የዚህ ክፍል ናቸው። በኢንዛይሙ የሥራ ቦታ ላይ ያለች አንዲት ወሳኝ አሚኖ አሲድ ትቀየራለች፤ ፕሮቲኑ በሙሉ መጠኑና በቦታው ይኖራል፣ ነገር ግን አይሠራም። ለካይኔዞች (በሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ፎስፌት ለሚለጥፉ ኢንዛይሞች)፣ ባጠቃላይም ከሌሎች ፕሮቲኖች ጋር ተያይዘው ለሚኖሩ ኢንዛይሞች፣ ከሁሉ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

የፒአይ3 ካይኔዝ ጋማ ምሳሌ ምክንያቱን ያሳያል። ጂኑ ፈጽሞ የጠፋበት አይጥ ልብ ከልክ በላይ ይኮማተራል፤ የደም ቧንቧው ጠብቦ ጫና ሲበዛበትም ክፉኛ ይጎዳል። ኢንዛይሙ ሥራ የፈታበት አይጥ ግን ይህ አይደርስበትም። በ2004 የተሰጠው ማብራሪያ፣ ፕሮቲኑ ከካይኔዝ ሥራው ውጪ ፎስፎዳይኤስተሬዝ 3ቢ ለተባለ ሌላ ኢንዛይም መደገፊያ መሆኑ ነው፤ ድጋፉ ሲነሣ ያም ይዳከማል። የኖክአውቱን ልብ ብቻ ያየ ሰው ይህን ካይኔዝ የሚያግድ መድኃኒት ለልብ አደገኛ ነው ብሎ ይደመድም ነበር።

ይህም መንገድ እሾህ አለው። 161ኛዋ አሚኖ አሲዱ የተቀየረችበት የሪፕኬ3 ፅንስ የሞተው ሥራው በመቆሙ ብቻ አይደለም፤ በሌላ ቦታ፣ በ51ኛዋ ላይ፣ ተቀይሮ ሥራ የፈታው ሪፕኬ3 ያለው አይጥ ይኖራልና። የመጀመሪያው ለውጥ የፕሮቲኑን ቅርጽ ለውጦ ሕዋሱን ራሱን ወደሚያጠፋበት መንገድ ይገፋዋል፤ ካስፔዝ 8 አብሮ ሲጠፋ ፅንሱ ከዚያ ሞት ይተርፋል። እንግዲህ ከተቻለ ሁለት የተለያዩ የአሚኖ አሲድ ለውጦችን ማወዳደር፣ ካልተቻለ ቢያንስ ሥራ ፈቱን ከሙሉ ኖክአውቱ ጎን ማስቀመጥ ይገባል። ሁለቱ ሲስማሙ ለውጡ የመጣው ከሥራው መጥፋት ነው፤ ሲለያዩ ፕሮቲኑ ሌላ ሙያ አለው።

አይጥ ሳይሠሩ

አንዳንዴ የሚሻለው አይጥ አለመሥራት ነው። ጥሩ አጋጅ መድኃኒት ካለ በሰዓታት ውስጥ ይሠራል፣ መጠኑ ይመጠናል፣ ሲቆምም ኢንዛይሙ ይመለሳል። ድክመቱ ሌሎች ኢንዛይሞችንም መንካቱ ነው፤ ይህን ለመፈተን ከሁሉ የሚበልጠው ማረጋገጫ ግን ኖክአውቱ ራሱ ነው። መድኃኒቱ ኢንዛይሙ በሌለው አይጥ ላይም ያንኑ ውጤት ካመጣ፣ የሚሠራው በሌላ በር ነው።

መድኃኒትና ጂን ሲጋጩ ምን እንደሚመስል የሳይክሎኦክሲጂኔዝ ነገር ያሳያል። አስፕሪንና መሰሎቹ ጨጓራን የሚያቆስሉት ከሳይክሎኦክሲጂኔዝ ዓይነቶች አንዱን፣ ኮክስ 1ን፣ ስለሚያግዱ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። በ1995 ኮክስ 1 የጠፋባቸው አይጦች ሲቀርቡ በጨጓራቸው ውስጥ ጨጓራን የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲን እጅግ ቀንሶ ሳለ ቁስል በራሱ አልወጣባቸውም። ኮክስ 2 የጠፋባቸው ደግሞ ኩላሊታቸው በትክክል አላደገም። ዕድሜ ልክ አጥቶ የተለማመደ ጨጓራና ዛሬ ጠዋት በድንገት የታገደ ጨጓራ አንድ አይደሉም።

የአርኤንኤ ማፈራረስ የኢንዛይሙን መጠን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለኢንዛይም ይህ ከባድ ጉድለት ነው፤ ግማሹ በሚበቃበት ነገር ሩቡ ቢቀርም አካሉ ላይሰማው ይችላል። በሕዋስ ማሳደጊያ ሳህን ለቅድመ ሙከራ እጠቀምበታለሁ፤ በአይጥ ላይ ከጉበት ውጪ ብዙም አላምነውም።

መሥራት ወይስ መጠየቅ

አዲስ አይጥ ከማሠራት በፊት አለ ወይ ብሎ መፈለግ ይገባል። የጃክሰን ላቦራቶሪ የሚያስተዳድረው የአይጥ ጂኖም መረጃ ቋት እያንዳንዱ ጂን ምን ምን መስመር እንዳለው ያሳያል፤ በ2011 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የአይጥ ፊኖታይፕ ጥምረትም በሺዎች የሚቆጠሩ ጂኖችን አጥፍቶ የምርመራ ውጤቱን በነፃ አስቀምጧል። ከእሱ ጋር የተያያዙት ብዙ መስመሮች በኤን ንዑስ ዝርያ የተሠሩ ናቸው፤ ጂኑ አስቀድሞ የታገደ ሆኖ ይመጣል፣ በአንድ ዙር ማዳቀል ወደ ታጠረ ጂን፣ በሌላ ዙር ወደ ሙሉ ኖክአውት ይለወጣል። የታገደውን ቅርጽ ብቻ ተጠቅሞ «ኖክአውት» ማለት ግን ያስጠይቃል፤ አንዳንዴ ማገጃው ያፈሳልና ትንሽ ኢንዛይም ይቀራል።

ከሌለ፣ ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ የሚቆርጠው ክሪስፐር ሥራውን አፍጥኖታል። ከ2013 ወዲህ የዳበረን እንቁላል በመውጋት አይጥ ማግኘት ይቻላል፤ ለመላ አካል ኖክአውትና ለአንዲት አሚኖ አሲድ ቅየራ ከእሱ ሌላ አልመክርም። ሁለት የሎክስ ፒ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ማስገባት ግን ይከብዳል፤ እዚያ ላይ የፅንስ ግንደ ሕዋስ አሁንም ቦታ አለው። ከክሪስፐር የሚወለደው የመጀመሪያው አይጥ ሕዋሳቱ የተለያየ ቁርጥ የያዙ ዝንጉርጉር ነው። በእሱ ላይ ሙከራ አይሠራም፤ ከመደበኛ አይጥ ጋር ተዳቅሎ፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ቅደም ተከተላቸው ተነቦ፣ አንድ ቁርጥ ተመርጦ መስመር ይጀመራል። ከእርግዝና እስከ ጉርምስና አንድ ትውልድ ሦስት ወር ገደማ ይወስዳልና፣ «በስድስት ወር ውጤት» ብሎ ለገንዘብ ሰጪ ቃል የሚገባ ሰው ይህን አልቆጠረም።

ኢንዛይሙ በእርግጥ ጠፍቷል?

ከጆሮ ጫፍ የተወሰደች ቁራጭ፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛ ፒሲአር፣ በመጠኑ የሚለየው ጄል። በመብራቱ ላይ መደበኛው አይጥ አንድ መስመር፣ ኖክአውቱ በሌላ ከፍታ አንድ መስመር፣ አንድ ቅጂ ያጣው ሁለቱንም ያሳያል። ይህ የሚያረጋግጠው ዲኤንኤው መቆረጡን ብቻ ነው። የተወገደው ኤክሶን (ፕሮቲኑ የሚነበብበት የጂኑ ክፍል) የፊደል ብዛት ለሦስት የሚካፈል ከሆነ ንባቡ አይዛባም፤ መካከሉ የጎደለ፣ ምናልባትም የሚሠራ፣ አጭር ፕሮቲን ሊቀር ይችላል። የሚታጠረውን ኤክሶን ሲመርጡ ይህን ማካፈል ማንም ሊዘለው አይገባም።

ቀጥሎ ፕሮቲኑን በፀረ እንግዳ አካል የሚፈልገው ዌስተርን ብሎት ነው። እኔ አንድ ጊዜ ከኖክአውቱ ጉበት ላይ፣ መሆን በማይገባው ቦታ፣ ከመደበኛው እኩል የደመቀ ባንድ አይቼ ለሦስት ሳምንት የአይጦቹን መለያ ቁጥር ስጠራጠር ከረምኩ። ፀረ እንግዳ አካሉ ሌላ፣ በመጠን የሚቀራረብ ፕሮቲን እየያዘ ነበር። ያዳነኝ የኢንዛይሙን ሥራ በቀጥታ መለካቱ ነው። ኤንኤዲኤች የተባለ፣ ብርሃን የሚውጥ ሞለኪውል የሚበላ ኢንዛይም ስለነበር ማሽኑ በ340 ናኖሜትር ብርሃን እያነበበ መስመር ይሥላል፤ የመደበኛው ጉበት ጭማቂ ሲገባ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፣ የኖክአውቱ ሲገባ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀጥላል። ጠፍጣፋው መስመር ግን በጭማቂው ውስጥ ኢንዛይሙን የሚያግድ ነገር በመኖሩም ሊመጣ ይችላልና፣ የኖክአውቱን ጭማቂ ከመደበኛው ጋር ቀላቅዬ ለካሁ፤ ቁልቁለቱ ተመለሰ። ይህች የአሥር ደቂቃ ሙከራ ናት።

በአንድ ኅብረ ሕዋስ ብቻ በጠፋ ኢንዛይም ላይ መስመሩ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ ባይሆን አይደንግጡ፤ ጉበት ውስጥ የጉበት ሕዋስ ብቻ አይደለም ያለው፣ የደም ሥርና የመከላከያ ሕዋሳትም ኢንዛይሙን ይይዛሉ። ሕዋሶቹን ለይቶ መለካት ጥያቄውን ይዘጋዋል። ከዚያ በኋላ ኢንዛይሙ የሚበላው ንጥረ ነገር ተጠራቅሞ፣ የሚያመርተው ጎድሎ እንደሆነ ማየት ይቀራል፤ ያ ካልሆነ በሕይወት ባለ አካል ውስጥ ሥራውን ሌላ እየሠራው ነው።

እኔ ብሆን

ስለ ኢንዛይሙ ብዙ ካልታወቀ፣ የጥምረቱን መረጃ ካየሁ በኋላ የመላ አካሉን ኖክአውት አስመጣለሁ። ከሞተ፣ የሞተበትን ቀን መዝግቤ ወደ ታጠረው ጂን እሄዳለሁ። ከኖረ፣ ግን ለውጥ ካሳየ፣ የትኛው የአካል ክፍል ተጠያቂ እንደሆነ በክሬ እፈልጋለሁ። ለመድኃኒት የሚታሰብ ኢንዛይም ከሆነ የሥራ ፈቱን አይጥ ከመጀመሪያው ቀን አብሬ አሠራለሁ፤ ገንዘቡ ለአንድ ብቻ ከበቃ ኖክአውቱን ትቼ እሱን። ጥሩ አጋጅ ካለ ደግሞ መጀመሪያ እሱን በመደበኛ አይጥ እሞክራለሁ፤ ምንም ካላሳየ የማራቢያ ቤት ኪራይ ይተርፋል።

መስመሩ እንደተረጋገጠ የሁለት ወንዶችን ዘር አስቀዝቅዞ ማስቀመጥ ነው፤ ማቀዝቀዣው ውስጥ ባለው ቱቦ ላይም የተቀየረው ጂን ሙሉ ስም፣ የትውልዱ ቁጥርና ጄ ወይም ኤን የሚለው ይጻፍ። ከሦስት ዓመት በኋላ ቱቦውን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው።